አብሽ ይሠራል፤ ስለዚህ ከሐኪም አይደበቅ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የሕንድ ጥናት ጠቅሶ አብሽ ለስኳር ሕመም ይሠራል የሚለውን፣ በጤና ዓምዳችሁ የወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ደንበኞቼም አንብበውታል። ጋዜጣውን አጣጥፈው በኪሳቸው ይዘው የመጡ አሉ። «ይኸው በጋዜጣ ወጣ እኮ! እንግዲህ ክኒኑን ልተወው?» ይሉኛል። በቀጣዩ እትም ደግሞ አንድ ጸሐፊ የአብሽ ነገር ተራ ወሬ ነው፣ ሰው ጊዜውን አያባክን ብለው መልስ ሰጡ። የመጀመሪያው ጽሑፍ አስደነገጠኝ፤ ሁለተኛው አናደደኝ። አብሽ ወሬ አይደለም። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሥራ የሚሠራ ነገር ነው። ጣጣውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ትውልዴ ጅሩ፣ እነዋሪ ነው። ጅሩን በሰንጋው የማያውቅ የለም፤ ያ ዋልካ መሬት ግን ስንዴውንም፣ ባቄላውንም፣ ምስሩንም፣ አብሹንም ያበቅላል። አብሽ ሲያጭድ የዋለ ሰው ማታ ቤት ሲገባ ገና ከበር ይታወቃል። ሽታው ከልብሱ አይለቅም። አብሽን ያወቅኩት ኮሌጅ ገብቼ አይደለም ለማለት ነው።

በእኛ ቤት አብሽ የማይገባበት ነገር ጥቂት ነበር። ቅቤ ሲነጠር ይገባል። በጾም እልበት ሲዘጋጅ ይገባል። ለአራስ ይመታል፤ ከሕመም ላገገመ፣ ለከሳ ልጅም ይመታል። አሠራሩን ከነዝርዝሩ የምጽፈው በኋላ ስለምፈልገው ነው። ፍሬው ተለቅሞ ለብ ለብ ተደርጎ ይታመስና ይፈጫል። ዱቄቱ ማታ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ጠዋት ዱቄቱ ከታች ዘቅጦ፣ ከላይ ቢጫ መራራ ውሃ ጠልሎ ይገኛል። ያ ውሃ ይደፋል። ሌላ ውሃ ይጨመራል፤ እሱም ይደፋል። ምሬቱ ሲለቅ መምታት ነው። እናቴ በእጇ ነበር የምትመታው፣ ክንዷ እስኪዝል። ቢጫው ቀስ በቀስ ይነጣል፣ ያርፋል፣ ኩፍ ይላል። ከዚያ ማር ይገባበትና ይጠጣል።

ያኔ የሚጠጣው ለመወፈር ነበር። ዛሬ በየቲክቶኩ ለመክሳት ይሸጣል። ሁለቱም ወገን የራሱ ምስክር አለው። ማርና ወተት ተጨምሮበት በላይ በላይ የተጠጣ አብሽ ያወፍራል፣ ምን ጥያቄ አለው? ያለ ማር ከምግብ ጋር የተወሰደ አብሽ ደግሞ ሌላ ሥራ ይሠራል። ስኳር ያለበት ሰው በሦስት ማንኪያ ማር አጣፍጦ እየጠጣ «አብሹ አልሠራልኝም» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ማሩ ነው።

አሁን ያንን ሌላ ሥራ ልናገር። በመጀመሪያ አሰሩ (ፋይበሩ) አለ። የአብሽ ፍሬ ጋላክቶማናን የሚባል አሰር በብዛት ይዟል። ውሃ ሲያገኝ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ሲመታ ውፍረት የሚሰጠውም እሱ ነው። አንጀት ውስጥ ሲደርስም ያው ይሆናል፤ ምግቡን ይዞ ያዘገየዋል። የእንጀራው ስታርች ተፈጭቶ ስኳር የሚሆንበትና ወደ ደም የሚገባበት ፍጥነት ይቀንሳል። ከምግብ በኋላ ሽቅብ የሚተኮሰው ስኳር ዝግ ይላል።

ሁለተኛው እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ነው። አብሽ ውስጥ ፎር-ሃይድሮክሲ-አይሶሉሲን የሚባል አሚኖ አሲድ አለ። የሰው ሥጋ ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች ውስጥ የለም። በ1998 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እንዳሳተሙት (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ይህ ንጥረ ነገር ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋፋል። የሚገፋፋው ግን ስኳሩ ከፍ ሲል ነው። ስኳሩ ዝቅ ባለበት ዝም ይላል። ይህ የታየው በቤተ ሙከራ ነው፤ ከቤተ ሙከራ እስከ ሰው ማዕድ ረጅም መንገድ ነው። ቢሆንም የጓሮ ቅመም ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተቀምጦ ሳለ «ተራ ወሬ» ብሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም።

ሦስተኛው የስብ ጉዳይ ነው። ጉበት ከኮሌስትሮል ሐሞት ይሠራል። ሐሞቱ ስብ ሊያደቅ ወደ አንጀት ይወርዳል። ሥራውን ሲጨርስ አብዛኛው ተመልሶ ወደ ጉበት ይገባል። የአብሹ ዝልግልግ አሰርና ለምሬቱ ድርሻ ያላቸው ሳፖኒኖች ከሐሞቱ የተወሰነውን ይዘው አንጀት ውስጥ ያስቀሩታል። ከሰገራ ጋር ይወጣል። ጉበቱ የጎደለውን ለመተካት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይስባል። በዚህ መንገድ የደም ኮሌስትሮል ይቀንሳል።

ትራይጎኔሊን የሚባል ንጥረ ነገርም አለ። እሱ በቡናም ውስጥ ይገኛል፤ ቡናው ሲቆላ ከፊሉ ኒያሲን ወደሚባለው ቫይታሚን ይለወጣል። በእሱም ላይ ጥናት አለ፣ ግን ገና ትንሽ ነው። አልፈዋለሁ።

በሰው ላይ ምን ታየ? ከቀደሙት ጥናቶች አንዱ የተሠራው ሕንድ፣ ሃይደራባድ በሚገኘው የሥነ ምግብ ተቋም ነው። በ1990 ታተመ። ኢንሱሊን ለሚወጉ የዓይነት አንድ ስኳር ሕመምተኞች ዘይቱ የወጣለት የአብሽ ዱቄት ከምሳና ከእራት ጋር ለ10 ቀን ሰጡ። የጾም ስኳራቸው ቀነሰ። ከሽንት ጋር የሚወጣው ስኳር ከግማሽ በላይ ወረደ። ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ፣ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮልና ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብም ቀነሱ። ጥሩ የሚባለው ግን ባለበት ቀረ።

መልካም ዜና ነው። ግን መጠኑን ተመልከቱ። በቀን 100 ግራም ነው! እኛ አገር አንድ ብርጭቆ አብሽ የሚመታው ከአንድ ወይም ከሁለት የሻይ ማንኪያ ዱቄት ነው። 100 ግራም በቀን የሚጠጣ ሰው ጅሩም ላይ አላየሁም። ሰዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ጊዜውም 10 ቀን ብቻ። ከሁሉም በላይ ኢንሱሊናቸውን አላቋረጡም። ጋዜጣችሁ ስለ ሕንድ ጥናት ሲጽፍ ይህን ዘሎታል። ለአንባቢ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈልግ መረጃ አልነበረም።

ወደ እናቴ ሳህን ልመለስ። ያ የሚደፋው ቢጫ ውሃ ምሬቱን ብቻ አይደለም ይዞ የሚሄደው። በውሃ በቀላሉ ከሚሟሟው ብዙው አብሮት ይሄዳል፣ ከአሚኖ አሲዱም፣ ከትራይጎኔሊኑም ጭምር። ሥራ ከሚሠሩት ውስጥ የሚቀረው በዋናነት ዝልግልጉ ነው። አንዷ እናት ሦስት ጊዜ ትደፋለች፣ ሌላዋ አንድ ጊዜ፣ ሌላው ሰውዬ ደግሞ ዱቄቱን እንዳለ በውሃ ይውጠዋል። ሦስቱም «አብሽ እወስዳለሁ» ይላሉ። ሰውነታቸው የሚያገኘው ግን ለየቅል ነው። ክኒን ላይ 500 ሚሊግራም ተብሎ የሚጻፈው ለዚህ ነው።

ክኒንና ዕፅዋት ጠላቶች የሚመስሏቸው ብዙ ሰዎች አሉ። «የፈረንጅ ኬሚካል ከምውጥ የአገሬን ዕፅ» ይሉኛል። ስሜቱ ይገባኛል። እስቲ የሜትፎርሚንን ታሪክ ልንገራቸው። ዛሬ በየጤና ጣቢያው ለዓይነት ሁለት ስኳር በመጀመሪያ የሚታዘዘው ይህ ክኒን የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ጋሌጋ ከሚባል የአውሮፓ ዕፅ ነው። ጋሌጋ እንደ አብሽ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው። ውስጡ ጋሌጂን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ጋሌጂን ስኳር ያወርዳል። ግን ይመርዛል። በግ ብዙ ከጋጠው ይሞታል። የመንዝ ሰው ይህን ቢሰማ ወዲያው ይገባዋል፤ በግ የሚገድል ሣር ማለት ምን እንደሆነ እሱ ያውቃል።

ሳይንቲስቶች ዕፁን አልጣሉትም፤ እንዳለ አፍልተው አላጠጡትምም። ጋሌጂን የሚገኝበትን የኬሚካል ቤተሰብ ይዘው ሌላ አባል ፈለጉ። ሜትፎርሚን በ1922 ደብሊን ውስጥ ተቀመመ። ኢንሱሊን በተገኘ ማግስት ስለነበር ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በ1957 ዣን ስተርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ለሕመምተኞች ሰጥቶ ያገኘውን አሳተመ። አሜሪካ የፈቀደችው በ1994 ነው። በ1998 ደግሞ የእንግሊዙ ትልቅ ጥናት ውጤት ወጣ፤ ከመጠን ያለፈ ክብደት ባላቸው ሕመምተኞች ላይ ሜትፎርሚን በስኳር ሳቢያ የሚመጣን ሞት በ42 በመቶ ቀነሰ። ስኳር ያወርዳል ከማለት አልፎ ዕድሜ ይጨምራል ለማለት ይህን ሁሉ ዓመት ፈጀ። ለአብሽ እንዲህ ያለ ጥናት የለም። አብሽ ስኳርን በመጠኑ ማውረዱ ታይቷል። ከልብ ድካም፣ ከኩላሊት መድከም፣ ከዓይን መታወር ማዳኑ ግን አልታየም። ስኳር ያለበት ሰው ክኒን የሚውጠው ደግሞ ከእነዚህ ለመዳን ነው።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝን ጉዳይ አሁን ልናገር። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ አባት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ከሰዓት ነው፣ ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። ግንባራቸው በላብ ርሷል። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ከተማ ሰው ተቀምጦ አያልበውም። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጣታቸውን ወግቼ ስለካ 51 አለ። ከ70 በታች ከሆነ ስኳር ወርዷል ይባላል። ስኳር በውሃ በጥብጬ ሰጠኋቸው።

«አባባ፣ ይጠጡ።»

«ልጄ፣ ሰዓቱ አልደረሰም እኮ።»

«አባባ፣ እርስዎ ታመዋል። ለታመመ ተፈቅዷል፤ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፣ ይነግሩዎታል። አሁን ይጠጡ።»

ጠጡ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስለካቸው ከፍ ብሏል። የልጅ ልጃቸው ዳቦ አምጥቶ አበላቸው። ከዚያ ማውራት ጀመርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክኒን ታዞላቸው ነበር፤ ግሊቤንክላማይድ። ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያስገድድ ነው፤ ምግብ በላህ አልበላህ አይልም። እሳቸው ክኒኑን ትተው አብሽ ጀመሩ። ለሐኪም አልተናገሩም። ቀጠሮ ደርሶ ሲለኩ ስኳሩ ከፍ ብሏል። ሐኪሙ ክኒኑ አልበቃም ብሎ መጠኑን እጥፍ አደረገው። ያለውን መረጃ ይዞ ትክክል ነው የሠራው። የጨመረው ግን ላልተዋጠ ክኒን ነው። አባባ ቁጥሩን ሲሰሙ ደነገጡና ቤት ሄደው እጥፉን ክኒን መዋጥ ጀመሩ። አብሹንም አልተዉም፤ እንዲያውም ጨመሩ። በዚያ ላይ ጾሙ አለ።

ያወረዳቸው አብሹ ነው አልልም። እጥፍ ክኒንና ባዶ ሆድ ብቻውን ይበቃል። ግን ይህ ሁሉ የመጣው አንድ ቃል ባለመነገሩ ነው።

«ለምን አልነገሩትም?» አልኳቸው።

«ይቆጣኛላ፣ ልጄ። ፊት ለአንዲት ጎረቤቴ ‹የባሕል መድኃኒት የምትጠጪ ከሆነ ለምን እኔ ዘንድ መጣሽ› ብለዋታል።»

ግሊቤንክላማይድ ሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። እዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ተመልሰው እንዲታዩ አደረግን። አሁን ደህና ናቸው።

የጤና ባለሙያ ወገኖቼን የምለምነው በዚህ ነው። አትቆጡ። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም ኮሌስትሮል ላለበት ሰው መድኃኒት ስትጽፉ «አብሽ ይወስዳሉ? ሌላስ ዕፅ? ስንት ማንኪያ? መቼ መቼ? በምን?» ብላችሁ ጠይቁ። «አልኮል ይጠጣሉ?» ብለን እንደምንጠይቀው ነው። ሰሜን ሸዋ ላይ አብሽ የማይጠጣ ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ስላልጠየቅን ከቤቱ አይጠፋም፤ ከካርዱ ላይ ብቻ ይጠፋል።

ለሕመምተኞች ደግሞ ይህን እላለሁ። አብሽ ከወደዳችሁ አልከለክላችሁም። እልበቱን ብሉ፣ ያለ ማር ተመትቶ ከምግብ ጋር ከሆነም ጠጡት። ክኒናችሁን ወይም ኢንሱሊናችሁን ግን በራሳችሁ አታቁሙ። ሜትፎርሚን ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ስኳር ከልክ በላይ የመውረድ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ ወይም ኢንሱሊን የምትወጉ ግን ከሐኪም ሳትማከሩ የአብሹን መጠን አታብዙ፤ በጾም ጊዜ በተለይ። ያ ዝልግልግ ምግብን እንደሚያዘገይ ሁሉ ክኒንንም ሊያዘገይ ስለሚችል፣ ክኒኑንና አብሹን ሁለት ሰዓት ያህል አራርቁ። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ሰዎች ሐኪም ሳያውቅ አብሽ በብዛት አትውሰዱ፤ የመድማት አደጋ አለው። ነፍሰ ጡሮች በወጥ ውስጥ ከሚገባው አልፈው በመድኃኒት መልክ አይውሰዱ። ሽምብራ ወይም ለውዝ የማይስማማው ሰውም ይጠንቀቅ፤ አብሽ ዘመዳቸው ስለሆነ አለርጂው ሊነሳበት ይችላል። ሆድ መንፋትና ተቅማጥ ካመጣባችሁ ቀንሱት።

«ይሠራልኛል ወይስ አይሠራልኝም?» የሚል ካለ መልሱ ጎረቤት ዘንድ የለም። አብሹን ከመጀመራችሁ በፊት የጾም ስኳራችሁን፣ ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላም ያለውን ተለኩና ጻፉት። ከዚያ በየቀኑ አንድ ዓይነት መጠን፣ በአንድ ዓይነት አሠራር ውሰዱ። እየተለካችሁ ጻፉ። የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየውን ምርመራ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋግራችሁ አሠሩ። ከወረደ ክኒን ይቀነስ አይቀነስ የሚወስነው ያንን ወረቀት ያየ ሐኪም ነው።

በየገበያው በላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ «ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል» ተብሎ ስለሚሸጠው ዱቄት ብዙ ቃል አላባክንም። ውስጡ ምን እንዳለ አልተጻፈበትም። አንድ ደንበኛዬ የገዛችበትን ዋጋ ስትነግረኝ ለአንድ ወር ከሚበቃት ሜትፎርሚን ይበልጥ ነበር። ንጹሕ አብሽ ከፈለገች የእነዋሪ ገበያ ነበረላት፣ ዓይኗ እያየ የሚሰፈርላት።

ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በዚያው ዓምድ፣ በዚያው ገጽ፣ አብሽ ለክኒን ምትክ እንዳልሆነና የሚጠጣ ሰው ለሐኪሙ እንዲናገር የሚል ማስተካከያ አውጡ። ክኒኑን ልተወው ብለው ጋዜጣውን ይዘው የመጡት ሰዎች ያንኑም ይዘው ይመጣሉ። እኔ በበኩሌ የስኳር ክኒን የምሰጥበት ከረጢት ላይ ከመድኃኒቱ ስም ሥር አብሹንም መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ «አብሽ፣ 2 የሻይ ማንኪያ፣ ከእራት ጋር» ብዬ። ሕመምተኛው ለመናገር ቢያፍር እንኳ ከረጢቱን ያየ ሐኪም ያነበዋል። ማስተካከያው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ቢወጣ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ፋርማሲስት፣ ከደብረ ብርሃን